የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን በመሃል ሲጠፋ፤ መጀመሪያ መቼ እንደሚጠፋ እዩ

ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ድንገት ጭጭ ሲል ብዙ ሰው ወዲያው "በቃ፣ ተቃጠለ" ይላል። ከዚያ ካርቶን ተፈልጎ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል። ጥገና ቤት ሲሰካ ግን ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ቤት ይመለሳል፣ እንደገና ይጠፋል። ፒያሳም፣ አራት ኪሎም፣ ካዛንቺስም ያለ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ማሽኑ ውስጥ አይደለም። የተሰካበት ሶኬት፣ የሚሞላበት ውሃ ወይም የገባበት ቡና ላይ ነው።

ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ መቼ ነው የሚጠፋው? እንደተሰካ ወዲያው ነው? ሁለት ሦስት ደቂቃ ከሞቀ በኋላ ነው? ቡናው እየወረደ እያለ ነው? ወተት ስታፈሉበት ነው? ወይስ ምንም ሳትነኩት ቆሞ እያለ? ማታ ማታ ብቻስ ቢሆን? እያንዳንዱ መልስ ወደተለያየ ቦታ ይወስዳችኋል፤ ባለሙያ ጋ ብትሄዱም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ፣ ደህና ባለሙያ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ይሄንኑ ነው።

አጠፋፉንም ልብ በሉ። ሁሉም መብራት ጠፍቶ ድምፅ የለሽ ሆነ? ወይስ የፊት መብራቶቹ በርተው ማሞቅና መግፋት ብቻ አቆመ? ወይስ ጠፍቶ ራሱ ተመልሶ ልክ አሁን እንደተሰካ ይጀምራል? የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ኃይል ተቋርጧል ማለት ነው። ሁለተኛው ሙቀት ወይም ውሃ ነው። ሦስተኛው የመብራት መዋዠቅ ወይም የላላ ግንኙነት ነው። አመላለሱስ? ወዲያው ከበራ፣ ሃያ ደቂቃ ቀዝቅዞ ከበራ፣ ጭራሽ ካልበራ፣ ሦስቱም የተለያየ በሽታ ናቸው። ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ከቻላችሁ በቪዲዮ ቅረጹት፣ ድምፁ በኋላ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ቀላሉን እናስወግድ። ማሽኑ ቡና ካወረደ በኋላ ቆሞ እያለ፣ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ጊዜ ጠብቆ የሚጠፋ ከሆነ አልተበላሸም። ለአውሮፓ ገበያ የሚሠሩ የቤት ቡና ማሽኖች ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ሥራ ሲያቆሙ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ሕግ ያስገድዳል፤ ለኤስፕሬሶ ማሽን ጣሪያው 30 ደቂቃ ነው። አንዳንዱ ከዚያም ቀድሞ ይጠፋል። ብዙዎቹ ላይ ይሄን ሰዓት መቀየር ይቻላል። ለምሳሌ የዴሎንጊ ዴዲካ ላይ 9 ደቂቃ፣ 30 ደቂቃ ወይም 3 ሰዓት መምረጥ ትችላላችሁ። ከጎረቤት ጋር ረዘም ያለ ቡና የምትጠጡ ከሆነ ቀይሩት። መመሪያው ከጠፋባችሁ ከማሽኑ ሥር ያለውን የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፣ በነፃ ይገኛል።

ይሄ ካልሆነ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

ሶኬቱ፣ ዲቫይደሩ፣ መብራቱ

የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ብዙውን ጊዜ ከ1,200 እስከ 1,500 ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ስናሰላው 6 አምፒር አካባቢ ነው። ለግድግዳ ሶኬት ይሄ ምንም አይደለም። ለቀጭን ዲቫይደር ግን ብዙ ነው፤ በተለይ እዚያው ላይ ፍሪጅ፣ የውሃ ማፍያና የስልክ ቻርጀር ተደርድረው ከሆነ።

የመጀመሪያው ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። ማሽኑ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ትንሽ አምፖል ወይም የስልክ ቻርጀር ሰኩ። ማሽኑ ሲጠፋ አብሮት ጠፋ? እንግዲያውስ ማሽናችሁን ተዉት፣ ችግሩ ከኋላ ነው። አምፖሉ በርቶ ማሽኑ ብቻ ከጠፋ ግን ወይ ስፒናው በደንብ አልነካም ወይ ችግሩ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ማሽኑን ያለ ዲቫይደር፣ ያለ ማስረዘሚያ፣ ሌላ ክፍል ያለ የግድግዳ ሶኬት ላይ ቀጥታ ሰኩትና እንደወትሮው ሥሩበት። ችግሩ ከጠፋ አገኛችሁት።

ስፒናውን በጣም ነው የምጠረጥረው። አዲስ አበባ ውስጥ የሚገኙ ማሽኖች ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። ከዱባይ የመጣው ሦስት ወፍራም አራት ማዕዘን ጥርስ አለው። ከጣሊያን የመጣው በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ቀጭን ክብ ጥርሶች ይኖሩታል። ከጀርመን የመጣው ክብ ሁለት ጥርስ ነው። ግድግዳችን ላይ ያለው ሶኬት ደግሞ ሁሉንም አይቀበልም። መሃል ላይ የምትገባው አዳፕተር ናት ችግር የምታመጣው። ለቻርጀር የተሠራች ትንሽ አዳፕተር 6 አምፒር ሲያልፍባት ትሞቃለች፣ ስትሞቅ ውስጧ ያለው ብረት ይላላል፣ ሲላላ ግንኙነቱ ይቆራረጣል፣ ሲቆራረጥ ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ማሽኑ አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ ንቀሉና አዳፕተሯን በእጃችሁ ንኩ። ለብ ካለች ችግር የለም። የምታቃጥል ከሆነ፣ የፕላስቲክ ሽታ ካላት፣ ወይም ጥርሱ ዙሪያ ጥቁር ነገር ካያችሁ ዛሬውኑ ጣሏት። ከዚህ የሚሻለው የማሽኑን ስፒና አስቆርጦ ከቤታችሁ ሶኬት ጋር በሚሄድ፣ ኧርዝ ባለው ጠንካራ ስፒና ማስቀየር ነው። ርካሽ ሥራ ነው፣ ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል። የእንግሊዝ ዓይነቱ ስፒና ውስጥ ትንሽ ቫልቮላ (ፊውዝ) እንዳለችም እወቁ፤ እሷ ተቃጥላ "ማሽኑ ሞተ" የተባለባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው።

ከዚያ ፍሪጅ ጋርድ አለ። ብዙ ቤት መብራት ሲዋዥቅ ዕቃ እንዳይቃጠል ብለው ማሽኑን ፍሪጅ ጋርድ ላይ ይሰኩታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ፍሪጅ ጋርድ ቮልት ሲወርድ ይቆርጣል፣ ሲመለስም ደቂቃዎች ይጠብቃል። ፍሪጅ ለሦስት ደቂቃ ቢጠፋ ማንም አያውቅም። ቡና እያወረዳችሁ እያለ ሲቆርጥ ግን ማሽኑ የተበላሸ ይመስላል። ማሽኑ ጠፍቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ችሎ የሚመለስ ከሆነ መጀመሪያ የጋርዱን መብራት እዩ። ስታቢላይዘርም ላይ እንደዚያው፤ መነሻው ላይ የመዘግየት ሰዓት ያለው አለ። ውስጡ ሬሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ቁልፍ፣ ያለው ዓይነት ደግሞ ቮልት ሲያስተካክል "ጭክ" የሚል ድምፅ ያሰማል። በዚያች ቅጽበት ኃይሉ ለአፍታ ይቋረጣል፤ አምፖል ላይ ብልጭታ ነው፣ ኮምፒውተር ነገር ያለው ማሽን ላይ ግን ጠፍቶ መነሳት ሊሆን ይችላል። ስታቢላይዘር የምትገዙ ከሆነ ማሽናችሁ 1,400 ዋት ቢሆን ስታቢላይዘሩ ከ2,000 በታች አይሁን። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ እውነተኛው አቅም ስላልሆነ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ብትገዙ አትጎዱም።

ማታ ማታ ብቻ የሚጠፋስ? ከ12 ሰዓት እስከ ምሽት 3 ሰዓት ሁሉም ቤት ምድጃና ምጣድ ይለኩሳል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይወስዳል። ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ከሆነ፣ ወይም የቤቱ ሽቦ የድሮ ከሆነ፣ ምጣዱ ሲለኮስ ቮልቱ ይወርዳል። ማሞቂያ ላይ የቮልት መውረድ በእጥፍ ነው የሚሰማው፦ 220 የነበረው 180 ቢሆን የ1,350 ዋቱ ማሽን 900 ዋት አካባቢ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታዩት ምልክት መጥፋት አይደለም፤ ለመሞቅ መዘግየት ነው። ቀጥሎ ከውስጥ "ጭክ ጭክ ጭክ" የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ሬሌዩ ለመያዝ የሚበቃ ኃይል አጥቶ እየተለቀቀ ነው። እንዲህ ሲሆን ማሽኑን አጥፉና ንቀሉት። መብራቱ ሲረጋጋ ትሠራላችሁ። ቴስተር ካላችሁ ማሽኑ እየሞቀ እያለ ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት ለኩ፤ ባዶውን መለካት ብዙ አይነግራችሁም፣ ጭነት ሲኖርበት ነው ሽቦው እውነቱን የሚያወጣው።

ኢንቨርተር ላይ የምትጠቀሙ ከሆነም ተጠንቀቁ። ርካሾቹ የሚሰጡት ሞገድ ንጹሕ ስላልሆነ ፓምፑም ኤሌክትሮኒክሱም አይወደውም። መብራት በሄደ ሰዓት ጀበናው አለ።

ከአሜሪካ የመጣ ማሽን

ይሄ ለብቻው ይነገር፤ ዘመድ በሻንጣ ያመጣው ማሽን በየቤቱ አለና። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ ድግግሞሹም 60 ኸርዝ። እኛ ጋ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንስላችኋል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። የቤት ማሽኖች ላይ ያለው ትንሹ የሚንቀጠቀጥ ፓምፕ የሚመታው በኸርዙ ልክ ነው። ለ60 የተሠራው በ50 ሲሄድ ግፊቱ ይለወጣል፣ ራሱም ይበልጥ ይሞቃል። ሲሞቅ ላዩ ላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ያቆመዋል። ሁለት ስኒ አውርዶ ሦስተኛው ላይ የሚያቆም፣ ቀዝቅዞ የሚመለስ ማሽን ከሆነ ይሄን ጠርጥሩ። መፍትሔው ፓምፑን በ220 ቮልት 50 ኸርዝ መቀየር አይደለም፤ የተቀረው ማሽን 120 ነው። በትራንስፎርመር መሥራቱን ከቀጠላችሁ በስኒና በስኒ መሃል አሳርፉት።

ትራንስፎርመሩ ራሱም ሊሆን ይችላል። 1,500 ዋት ለሚወስድ ማሽን 1,500 ዋት የሚል ትራንስፎርመር አይበቃም። ይግላል፣ ይጮሃል፣ ይቆርጣል። 3,000 የሚለው ይሻላል። ክብደቱን አንሱና እዩት፣ በዚህ መጠን ቀላል ትራንስፎርመር ጥሩ ትራንስፎርመር አይሆንም።

ቡናው ማሽኑን ሲያንቀው

ቡናው እየወረደ እያለ ነው የሚጠፋው ያላችሁ ሰዎች፣ ይሄን ክፍል በደንብ አንብቡት። ቡና ያለን ሕዝብ ነን፣ ቤታችን ቆልተን፣ ቤታችን አስፈጭተን ወይም ወቅጠን እንጠጣለን። ነገር ግን ለጀበና የሚፈጨው ቡና እንደ ዱቄት የላመ ነው። ጀበና ውስጥ ሲፈላ ልሞ መገኘቱ ጥሩ ነው፣ አተላው ይዘቅጣል። ማሽን ውስጥ ሲገባ ግን ግድግዳ ይሆናል። ውሃው ማለፍ አይችልም። ፓምፑ ይገፋል፣ ይገፋል፣ ድምፁ ከወትሮው ይጎረናል፣ ከታች ጠብ ጠብ የሚል ጥቁር ነገር ይወርዳል ወይም ጭራሽ አይወርድም። እነዚህ ትንንሽ ፓምፖች አንድ ሁለት ደቂቃ ሠርተው እንዲያርፉ ነው የተሠሩት። እንዲህ ታንቀው ሲገፉ ይግላሉ፣ መከላከያቸውም ያጠፋቸዋል።

ፈተናው ቀላል ነው። እጀታውን አውጡና ያለ ቡና ውሃ ብቻ አውርዱ። ውሃው በደንብ ከወረደና ማሽኑ ካልጠፋ ችግሩ ቡናው ወይም ወንፊቱ ነው። ከዚያ ባዶውን ወንፊት አስገብታችሁ ድገሙት። እዚህ ላይ ከታነቀ ወንፊቱ ራሱ ተደፍኗል፤ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉና በመርፌ ሳይሆን በብሩሽ አጽዱት።

ቡና ቆልተው ከሚሸጡ ቤቶች፣ እንደ ፒያሳው ቶሞካ ካሉት፣ ስትገዙ "ለማሽን" ብላችሁ አስፈጩ። ለጀበና የተፈጨውን ለብቻው አስቀምጡት፣ አትቀላቅሉ። ቤት ወፍጮ ያላችሁ ደግሞ ከሻካራ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አልሙት፤ ሁለት ስኒ በ25 እና 30 ሰከንድ መሃል ሲወርድ ቦታው ላይ ነው። ሲጫኑት እንደ ዱቄት እርስ በርሱ የሚጣበቅ ከሆነ ልሟል። መጠኑንም ትንሽ ቀንሱት፤ ወንፊቱ እስከ አፉ ሞልቶ በኃይል ተጭኖ የሚገባ ቡና ብዙ ጊዜ ያው መታነቅ ነው የሚያመጣው። ወፍጮው ማሽኑ ውስጥ ያለ ከሆነና ፈጭቶ ሳይጨርስ የሚቆም ከሆነ፣ ቅባት የወጣው ጥቁር ቆሎ ጉሮሮውን ይዘጋዋል። መካከለኛ ቁሉት። ማሽኑም ይተነፍሳል፣ የይርጋጨፌ ቡናም ጣዕሙን አያጣም።

እንፋሎት ላይ ሲጠፋ

ማኪያቶ የሚወድ ቤት ይሄን ያየዋል። ወተት አፍልታችሁ፣ ሌላ ወተት ስትጀምሩ ማሽኑ ይጠፋል። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው፦ እንፋሎት ማለት ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ እያለቀ ነው። አንድ ቦይለር ያላቸው ትንንሽ ማሽኖች እንፋሎት ሲሠሩ አዲስ ውሃ አያስገቡም። ሁለት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወተት ካፈላችሁ ውሃው ይጎድላል፣ ማሞቂያው ከውሃ ውጪ ይቀራል፣ ሙቀቱ ይተኮሳል፣ የደኅንነት ተርሞስታቱም ይቆርጣል። መቁረጡ ጥሩ ነው፤ ሥራውን ሠራ። የእናንተ ድርሻ ግን እዚያ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ወተት ባፈላችሁ ቁጥር የእንፋሎት ቁልፉን አጥፉ፣ ቱቦውን ስኒ ውስጥ አስገብታችሁ ክፈቱ፣ ፓምፑን አስነሱ፤ መጀመሪያ እየተፋ እንፋሎት ይወጣል፣ ቀጥሎ ድብልቅ፣ በመጨረሻ ቀጥ ያለ ውሃ። ውሃው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ቦይለሩ ሞልቷል። ይሄን ልማድ አድርጉት። ማሞቂያውን ዓመታት ያቆየዋል።

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን ከፍታ አንድ ነገር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ማሽኑ ደግሞ የተቀመረው ውሃው በ100 ለሚፈላበት አገር ነው፣ ለቡና የሚያዘጋጀው ሙቀትም ከ90 እስከ 96 ነው። ስለዚህ ውሃው ከማሽኑ ግፊት ወጥቶ አየር ሲያገኝ ይተፋል፣ ይንተከተካል። ይሄ ብልሽት አይደለም። ጥቂት ውሃ ባዶውን ካፈሰሳችሁ ይረጋጋል። ከወተት በኋላ ቡና ለማውረድ ስትሞክሩ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ እምቢ የሚል ማሽንም አለ። እሱም አልጠፋም፣ ከመጠን በላይ ስለሞቀ ቀዝቅዝ እያለ ነው። ውሃ አሳልፉበት።

ወተት ሳታፈሉም፣ ገና ሲሞቅ የሚጠፋና ቀዝቅዞ የሚመለስ ከሆነ የውሃ ጨው ቅርፊትን አስቡ። ቅርፊቱ ማሞቂያውን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፣ ሙቀቱ ወደ ውሃው አልፎ መሄድ ያቅተዋል፣ ብረቱ ብቻውን ይግላል። የከተማው ውሃ ከተለያየ ቦታ ነው የሚመጣው። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች የሚመጣ አለ፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣም አለ፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ በአብዛኛው ጨዉ ይበልጣል። የእናንተ ቤት የትኛው እንደሚደርስ ለማወቅ የውሃ ማፍያችሁን ሆድ እዩ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ማሽናችሁም ይዟል። ማፍያው ንጹሕ ከሆነ ግን ይሄን ጉዳይ እለፉት።

ለማጠብ ሲትሪክ አሲድ ግዙ። ለአንድ ሊትር ውሃ 20 ግራም፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ ተኩል አካባቢ፣ አሟሙታችሁ ታንኩ ውስጥ ጨምሩ። ሲሶውን በቡና መውረጃውም በእንፋሎት ቱቦውም አሳልፉ፣ አጥፉና ሩብ ሰዓት አቆዩት፣ ሌላውን ሲሶ አሳልፉ፣ እንደገና አቆዩ፣ ጨርሱት። ከዚያ ሁለት ሙሉ ታንክ ንጹሕ ውሃ። የተላቀቀው ቅርፊት ወደ ጠባቡ ቀዳዳ ሄዶ እንዳይደፍን ማጠቡን አታሳጥሩት። ቦይለሩ አሉሚኒየም ከሆነ አሲዱ ብረቱን ስለሚበላ ረጅም ሰዓት አታቆዩ፤ አምራቹ የሚሸጠውን ማጠቢያ ብታገኙ ይመረጣል። ኮምጣጤ አልመክርም፣ ሽታው አይለቅም። የሎሚ ጭማቂም እንደዚያው፣ ሥጋውና ስኳሩ ውስጥ ይቀራል።

የታሸገ ውሃ ብቻ እንጠቀም የሚሉ አሉ። ጥሩ ነው፣ ግን በጣም የተጣራ፣ ጨው የሌለው ውሃ ሌላ ችግር ያመጣል። አንዳንድ ማሽን ውሃ መኖሩን የሚያውቀው ኤሌክትሪክ በውሃው ውስጥ ሲያልፍ ነው። ጨው የሌለው ውሃ በደንብ አያስተላልፍም፤ ማሽኑ ታንኩ ሞልቶ እያለ "ውሃ የለም" ብሎ ይቆማል። ሌሎች ማሽኖች ታንኩ ውስጥ ማግኔት ያላት ተንሳፋፊ አላቸው። እሷም አተላና ዝልግልግ ነገር ይዛ ተጣብቃ ትቀራለች። ታንኩን አውጡ፣ እጠቡ፣ ተንሳፋፊዋን ወደላይ ወደታች አንቀሳቅሱ፣ ቦታው ላይ "ቀጭ" እስኪል መልሱ። ውሃ በሄደ ሰሞን ታንኩ ባዶ ሆኖ ፓምፑ አየር ስቦ ከሆነም የእንፋሎት ቱቦውን ከፍታችሁ ውሃ እስኪወጣ አጠር አጠር እያደረጋችሁ ሳቡት፤ ያለ ውሃ ረጅም ጊዜ አታስሩጡት።

ብሬከሩ የሚወድቅ ከሆነ

እዚህ ላይ ጨዋታ የለም። የትኛው ብሬከር ነው የወደቀው? ተራው ብሬከር እንደሰካችሁ ወዲያው የሚወድቅ ከሆነ ውስጥ ሁለት ሽቦ ተገናኝቷል፣ ደጋግማችሁ አታንሱት። ምጣድ ወይም የሻወር ማሞቂያ አብሮ ሲበራ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ጭነት ነው፣ አንዱን አጥፉ። ኤሌክትሪሺያኖች አርሲዲ የሚሉት፣ "ቴስት" የሚል ትንሽ ቁልፍ ያለው ብሬከር የሚወድቅ ከሆነ ግን ኤሌክትሪክ ወደ ማሽኑ አካል እያፈሰሰ ነው። 30 ሚሊ አምፒር ሲያፈስ እንዲቆርጥ ነው የተሠራው፤ ሰውን ለማዳን።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁለት ነው። ወይ ከላላ ጎማ ወይም ከተሰነጠቀ ቱቦ ውሃ ሽቦ ላይ እየተንጠባጠበ ነው፣ ወይ ማሞቂያው ተሰንጥቋል። ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ ቁም ሳጥን ላይ የቆየ ማሽን ከሆነ ደግሞ ማሞቂያው ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት እርጥበት መጥጦ ሊሆን ይችላል፤ ይሄኛው በባለሙያ እጅ ሲደርቅ ሊድን ይችላል።

የድሮ ቤቶች ላይ ኧርዝ የለም፣ አርሲዲም የለም። እዚያ ማሽኑ አይጠፋም፤ ይነዝራል። ብረቱን ስትነኩ ትንሽ እንኳ ከነዘረ ንቀሉት። "ጫማ አድርጌ ነው የምሠራበት" አትበሉ፤ እጃችሁ እርጥብ ነው፣ አጠገባችሁ የውሃ ቧንቧ አለ፣ ልጅም ይነካዋል። ኧርዝ አስገቡ፣ ማሽኑንም አስፈትሹ።

ለመክፈት ወይም ለማስከፈት

ሁሉንም አይታችሁ ካልተገኘ ይከፈታል። ነቅላችሁ፣ የእንፋሎት ቁልፉን ከፍታችሁ ግፊቱን አስወጥታችሁ፣ ከሁለት ሰዓት ያላነሰ አቀዝቅዛችሁ። ቴስተር የምታውቁ ሰዎች ማሞቂያውን ከሽቦው ለይታችሁ ለኩ፤ የ1,350 ዋት ማሞቂያ 36 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፣ ከአካሉ ጋር ደግሞ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ግን እወቁ፣ ተራ ቴስተር በትንሽ ቮልት ስለሚለካ ሲሞቅ የሚያፈስ ማሞቂያን "ደህና ነው" ሊላችሁ ይችላል። ጥርጣሬ ካለ በ500 ቮልት የሚለካ ሜገር ያለው ኤሌክትሪሺያን ይየው። ሽቦዎቹ የሚሰኩባቸውን ጫፎች እዩ፤ የጠቆረ፣ የላላ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ጥፋተኛውን አገኛችሁት። በረሮም እዩ። ሙቀትና እርጥበት ስለሚወዱ የቡና ማሽን ሆድ ውስጥ ይገባሉ፣ የኤሌክትሮኒክሱ ሰሌዳ ላይ ሲሄዱም መገናኘት የሌለባቸውን መስመሮች ያገናኛሉ።

ባለሙያ ጋ ስትወስዱ "ይጠፋል" ብቻ አትበሉ። መቼ፣ እንዴት፣ ምን ሲደረግለት እንደሚመለስ ከስልካችሁ አንብቡለት፣ ቪዲዮውን አሳዩት። እዚያው እያላችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በቡናም በእንፋሎትም እንዲያሠራው ጠይቁ፤ ሰክቶ መብራቱን አይቶ "ይሠራል" ማለት ፈተና አይደለም።

እና ይሄን ስሙኝ። ማሽኑ ጭራሽ አልበራ ብሎ የሙቀት ፊውዙ ተቃጥሎ ከተገኘ "ዳይሬክት ላድርገው"፣ ማለትም ፊውዙን አውጥቼ ሽቦውን በቀጥታ ላገናኘው፣ የሚል ይመጣል። እሺ አትበሉ። ያቺ ትንሽ ፊውዝ ተርሞስታቱ ሲከዳ ቤታችሁ እንዳይቃጠል የምትቀር የመጨረሻዋ ነገር ናት። መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ፣ ላይዋ ላይ የተጻፈው ዲግሪና አምፒር ያው የሆነ ግዙ። ከፍ ያለ ዲግሪ አትቀበሉ። ስትገጠምም ሽቦው በፒንሳ ተጨምቆ ይያያዝ፤ ከተበየደ የብየዳው ሙቀት ራሱ ያቃጥላታል። ለምን እንደተቃጠለች ሳይታወቅም አታስገጥሙ፣ ተርሞስታቱ አብሮ ይፈተሽ፤ አለዚያ አዲሷም በሳምንቱ ትሄዳለች።